መርከቤ ሮድስ ላይ አንድ ቀን ይቆማል፤ ሊንዶስ ልሂድ ወይስ እዚያው ልዋል?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች። ትንሽ አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«ዕድሜዬ 58 ነው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጀርመን ያለችው ልጄ በነሐሴ በመርከብ ልታዝናናኝ ቲኬት ቆርጣለች። ከአቴና ወደብ ተነስተን ሚኮኖስ፣ ከዚያ ቱርክ ኩሻዳሲ፣ ከዚያ ሮድስ የምትባል የግሪክ ደሴት፣ ከዚያ ክሬት አድርገን እንመለሳለን። ሮድስ ላይ መርከቡ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ልጄ የስድስት ወር ሕፃን ስላላት ያን ቀን መርከቡ ላይ ልረፍ ትላለች። እኔ ግን ባሕር ብቻ አይቼ መመለስ አልፈልግም። ሊንዶስ የሚባል ኮረብታ ላይ ያለ ቦታ በፎቶ አሳይታኝ ልቤ እዚያ ቀርቷል። የመርከቡ ጉብኝት ግን ውድ ነው። ብቻዬን ብሄድ ምን ትላለህ? ግራ ጉልበቴን ያመኛል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። የማውቀው አማርኛና ኦሮምኛ ነው፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የተረፈች ትንሽ ፈረንሳይኛም አለችኝ። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ እጾማለሁ። ልጄ ‹ትጠፊያለሽ› እያለች ታስፈራራኛለች፤ ምን ልበላት? አንቱ እንዳትለኝ ደግሞ፣ ድሬ አንቱ የለም።»

እሺ አቦ፣ አንቺ እልሻለሁ። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፣ አንቱታ አፌ ላይ ይከብደኛል።

መልሱን መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ይከተላል። ሊንዶስን ተይው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ሮድስ ከተማ፣ ግንቡ ውስጥ ዋዪ። ልጅሽ ‹ትጠፊያለሽ› የምትለው ደግሞ ልክ አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ዞሮ የገበየ ሰው ሮድስ ላይ አይጠፋም።

ይህን የምልሽ ሦስት ዓመት ሽርሽር መርከብ ላይ ስለሠራሁ ነው። ልብስ ማጠቢያ ነበርኩ፣ ታች፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ። ሮድስ ስንደርስ በፈረቃ መካከል ሦስት ወይ አራት ሰዓት ይሰጡን ነበር። ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም። ስለዚህ የማውቀው የእግሩን መንገድ ነው፤ አንቺም የጠየቅሽኝ እሱኑ ነው።

ሊንዶስ ከወደቡ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከድሬ ሐረር በይው። ያን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ ሲወራ አጭር ነው፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ደንገጎን እስኪወጣ፣ አወዳይ ላይ ሰው እስኪያወርድና እስኪጭን ግን ቀኑ ይገመሳል። እዚያ የደንገጎን ያህል ጠመዝማዛ የለም። ግን በነሐሴ ቱሪስቱ እንደ ጉድ ነው፣ አውቶቡሱም እየቆመ እየተነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መመለሻውም ያው ነው። እሺ ደረስሽ እንበል። ፎቶው ላይ ያየሽው፣ አቴና የምትባለው የጥንት ግሪኮች አምላክ ቤተ መቅደስ ያለው 116 ሜትር ከፍታ ያለው አለት አናት ላይ ነው። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ደረጃ ትወጫለሽ። ድንጋዩ በስንት ዘመን እግር ተሞርዶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። መውጣቱን ትወጪዋለሽ፣ ልብሽ ጠንካራ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ችግሩ መውረዱ ነው። ቁልቁለት ያመኛል ያልሽኝ አንቺው ነሽ።

አህያ ይከራያል። ‹አህያ ላይ ወጥተሽ ሂጂ› የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ከተራራው እንጨት ተጭና ወደ ድሬ የምትወርደውን አህያ እያየሽ ያደግሽ ሰው፣ በነሐሴ ፀሐይ ቱሪስት ተሸክማ ደረጃ በምትወጣ አህያ ላይ ከፍለሽ ትቀመጫለሽ ብዬ አላስብም። ብትቀመጪም አህያዋ የምታደርስሽ የምሽጉ መግቢያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በእግርሽ ነው።

አሁን ወደ ሮድስ ከተማ። መጀመሪያ ቀን ከመርከቡ ስወርድ የታየችኝ ሐረር ናት፣ ወላሂ። ባሕር ዳር የተቀመጠች ሐረር። ግንቧ ዙሪያውን አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጀጎልም ከዚያ ብዙ አያንስም። ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ ሮድስ በ1988፣ ጀጎል በ2006 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ከ1309 ጀምሮ ከተማዋን የያዟት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉ ተዋጊ መነኮሳት ነበሩ። በ1522 ሱልጣን ሱለይማን ከበባቸው፣ ስድስት ወር ያህል ተዋግተው እጅ ሰጡ። አሚር ኑር ጀጎልን ያሠራው ከዚያ ሠላሳ አርባ ዓመት ቆይቶ ነው። ዘመኑ ሁሉም ሰው ግንብ የሚያጥርበት ዘመን ነበር መሰለኝ።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ፤ መርከቡ የሚቆመው እዚያው ግንቡ ሥር ነው። ወርደሽ ቀስ ብለሽ አሥር ደቂቃ ብትራመጂ በሩ ላይ ነሽ፣ ከለገሃር ወጥተሽ ከዚራ ዛፎች ሥር እንደመንሸራሸር። ወደቡ መውጫ ላይ ታክሲዎች ተሰልፈው ታያለሽ። ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፣ ጣሪያቸው ነጭ፤ የኛን የድሮ ታክሲ ያስታውሱሻል። ለከተማው አያስፈልጉሽም። ግንቡ ፊት ለፊትሽ እየታየ ‹ሩቅ ነው› የሚልሽ ሹፌር አይጠፋም፣ ፈገግ ብለሽ እለፊ።

በባሕር በር ግቢ። ሁለት ወፋፍራም ማማ ያለው ነው፣ አይስትሽም። ስትገቢ ሂፖክራተስ አደባባይ ይቀበልሻል፣ መሐሉ ላይ የድሮ ፏፏቴ አለ። እዚያ አትቀመጪ፣ ገና ነው። ወደ ቀኝ ይዘሽ የፈረሰኞቹ ሆስፒታል ወደነበረው ሙዚየም ሂጂ። ከእሱ ጥግ የፈረሰኞች መንገድ የሚባለው ይጀምራል። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ቀጥ ያለ፣ የዋህ ዳገት። ይህን መንገድ ከሦስት ሰዓት በፊት ውጪው። ከዚያ በኋላ ባንዲራ የያዙ አስጎብኚዎች ሰዉን እንደ በግ እየነዱ ይመጣሉ፣ ቦታው ቀፊራ በገበያ ቀን ይሆናል።

ጠዋት ግን ሌላ ነው። ፀሐይዋ ገና የግንቡን ጫፍ ብቻ ነክታ መንገዱ ጥላ ውስጥ ነው፣ ድንጋዩ የማር ቀለም አለው፣ የራስሽን እርምጃ ትሰሚያለሽ። ፈረሰኞቹ በየቋንቋቸው ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር፤ የጣሊያኑ ቤት፣ የስፔኑ ቤት እያለ ይቀጥላል። ከሁሉም ያጌጠው የፈረንሳዮቹ ነው፣ ያቺ ትንሽ ፈረንሳይኛሽ እዚያ ደጃፍ ላይ ትኩራ። እግርሽን ግን ጠብቂ። መሬቱ ከባሕር የተለቀሙ ክብ ክብ ጠጠሮች በቁመታቸው ተተክለው የተነጠፉበት ነው። በቀጭን ጫማ ከሄድሽ እያንዳንዷን ጠጠር በእግርሽ ትቆጥሪያታለሽ። ወፍራም ሶል ያለው ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ በጭራሽ። ለዚህ ነው ወደ ላይ ውጪው ያልኩሽ፤ ሌሎች ይወርዱበታል፣ ላንቺ ጉልበት ግን መውጣቱ ይሻላል።

ከላይ ስትደርሺ የታላቁ አለቃ ቤተ መንግሥት አለ። ጥንታዊ ይመስላል፣ አብዛኛው ግን አዲስ ነው። በ1856 አጠገቡ የተከማቸ ባሩድ ፈንድቶ አፈራርሶት ነበር። እንደገና ያቆሙት ጣሊያኖች ናቸው፣ ከ1937 እስከ 1940፣ ለንጉሣቸውና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን። ዓመቱን ልብ በይ። እዚህ ድሬ ላይም ባንዲራቸው የሚውለበለብበት ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፉት የጥንት ሞዛይኮች ከኮስ ደሴት ነቅለው ያመጧቸው ናቸው። የአክሱምን ሐውልት የወሰዱትም በዚያው በ1937 ነው፤ መንቀል ይወዱ ነበር። ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ቤቱን እንደ በፊቱ አላየሁትም፣ ግን ወለሉ ያምራል፣ አይካድም። መግቢያ ያስከፍላል፣ ውስጡም ትልቅ ደረጃ አለው። ጉልበትሽ ካልፈቀደ ከውጭ አይተሽ እለፊ።

ከዚያ ዛፍ ባለበት መንገድ ወደ ሱለይማን መስጊድ ታመሪያለሽ። ቀይ ቀይ የምትል ናት። መውረጃሽ ከእሷ ፊት የሚጀምረው የሶቅራጥስ መንገድ ነው። ስሙ ፈላስፋ፣ ሥራው ንግድ፤ ቆዳ፣ ጌጥ፣ ሰፍነግ፣ ማግኔት፣ ሻርፕ። የጀጎልን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን አስቢ፣ ስፌት መኪናዎቹ የሌሉበት። ቁልቁለቱ ለስላሳ ነው፣ መቀመጫም በየቦታው አለ። ሰፍነጉን አስቀንሺ፣ የዋህ ፊት አታሳዪ።

ግን ሱቁ ሰለቸኝ ስትይ ወደ ጎን ታጠፊ። አንድ ሁለት ጊዜ ከታጠፍሽ ጫጫታው በአንዴ ይቋረጣል። ልብስ በገመድ ተሰጥቷል፣ ድመት ደረጃ ላይ ተጋድማለች፣ አንዲት ሴትዮ ደጃፏን በውኃ ታጥባለች። እኔ ጀጎል፣ ቡዳ በር አካባቢ ያለሁ እየመሰለኝ የዕረፍት ሰዓቴን ሁሉ እዚያ ነበር የምጨርሰው። ጠፋሁ ካልሽ ደግሞ ቁልቁል ሂጂ። ጀጎል ውስጥ ግራ ሲገባሽ ዳገቱን ይዘሽ ፈረስ መጋላ እንደምትወጪው፣ እዚህ በተቃራኒው ነው፤ ቁልቁሉ ወደ ባሕር ነው፣ ባሕሩ ላይ ደግሞ እንደ ሕንፃ የሚያክል መርከብሽ ቆሟል።

እግርሽ ካልደከመ ብቻ ከግንቡ ወጥተሽ ማንድራኪ የሚባለውን ትንሹን ወደብ እይው። ሦስት የድሮ የንፋስ ወፍጮዎች አሉ፣ መግቢያው ላይ በሁለት ዓምድ ላይ የቆሙ ሁለት አጋዘኖች አሉ። በጥንት ዘመን ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው፣ ሠላሳ ሦስት ሜትር ያህል የሚቆመው የነሐስ ሐውልት እዚህ ነበር ይሉሻል። እግሩን ከፍቶ ቆሞ መርከብ በመሐሉ ያልፍ ነበር የሚሉትን አትስሚ፣ ተረት ነው። ሐውልቱ ራሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ226 ገደማ በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቋል። ፖስት ካርድ ላይ ግን ዛሬም ቆሞ ታገኚዋለሽ።

ጾሙ እንዳያሳስብሽ። ግሪኮቹም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እነሱም በነሐሴ የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፣ ቀኑ ብቻ ከኛ ትንሽ ይቀድማል። ምግብ ቤት ገብተሽ «ኒስቲሲሞ» በይ፣ የጾም ማለት ነው፣ ይገባቸዋል። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም፣ የተፈጨ ክክ በዘይት ይቀርብልሻል፤ ክኩ ሽሮ ነው ማለት ይቻላል፣ በርበሬው ነው የጠፋው። በወይን ቅጠል ከተጠቀለለው ሥጋ የገባበትም ስላለ ጠይቂ። እነሱ ሽሪምፕና ኦክቶፐስም ጾም ነው ይላሉ። እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ እኔ አልገባበትም። ቡናቸው ሳይጠለል በትንሽ ስኒ ይመጣል፣ አተላው ታች ነው። ያለ ስኳር «ስኬቶ»፣ መካከለኛ «ሜትሪዮ»። አደባባዩ ላይ ካሉት ቤቶች ግን ዋጋ ሳትጠይቂ ምንም አትዘዢ። አንድ ቀን ጭማቂ ብዬ የአበባ ማስቀመጫ የሚያክል ብርጭቆ መጥቶልኝ የሁለት ቀን ገንዘቤን ከፍያለሁ። መጸዳጃ ቤት ደግሞ ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ነው የሚጥሉት፣ ቧንቧቸው ጠባብ ነው።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ፣ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሰዓት። በነሐሴ የግሪክና የኛ ሰዓት አንድ ነው፣ አንዲት ደቂቃ አይለያይም። አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። መርከቡ አሥራ ሁለት ላይ ቢነሳም ሁሉም ሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በፊት መግባት አለበት። ሰሌዳው ላይ 17:30 ተብሎ ይጻፋል፣ በኛ አሥራ አንድ ተኩል ማለት ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሐበሻ ልጅ ነበር። አንድ ቀን መመለሻው ስንት ነው ሲለኝ ሰሌዳውን አየሁና በፈረንጁ «አራት ተኩል» አልኩት። እሱ የእጅ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነበር የሚሞላው። የማታው አራት ተኩል መስሎት ማንድራኪ ላይ እግሩን ዘርግቶ ዓሣ አዟል። አሥር ሰዓት ሲሆን የት ሄደ ብዬ በሩጫ ፈልጌ አገኘሁት፣ ዓሣው ገና አልመጣም ነበር። መወጣጫው ሊነሳ ሲል ላብ በላብ ሆነን ደረስን። ዘበኛው ምንም አላለንም፣ የራሱን ሰዓት በጣቱ ነካ ነካ ብቻ አደረገ።

በመርከቡ ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በራሱ የወጣን ሰው አይጠብቅም። ጉብኝታቸው ውድ የሆነው አንዱ ለዚህ ነው። አንቺ ግን ከመርከቡ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ከዋልሽ ያን ገንዘብ ምን ብለሽ ትከፍያለሽ? አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ በሩ መመለስ ጀምሪ፣ በቃ።

ስትወርጂ የመርከቡን ካርድ ያዢ፣ ያለሱ ተመልሰሽ አትገቢም። ካርዱ ውጭ ሱቅ ውስጥ ግን አይሠራም፣ በዝርዝር ዩሮ ያዢ። የፓስፖርትሽንና የቪዛሽን ኮፒ፣ የዕለቱን ፕሮግራም ወረቀትም ጨምሪ፤ እዚያ ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ አለ፣ ብታመልጪ መጀመሪያ የምትደውይው ለእሱ ነው። ልጅሽ ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋ ስልክሽ ላይ ትጫንልሽ። ዳታውን ዝጊው። ሮድስ ከቱርክ ጠረፍ ፊት ለፊት ስለሆነች ስልኩ የቱርክ መስመር ይይዝና ሒሳቡ ያስደነግጥሻል።

ልጅሽ አይታው ይሆናል፣ ግን ካላየችው ጉድ ነው፤ ቪዛ። መንገዳችሁ ኩሻዳሲን ይነካል። ያ ማለት ከሸንገን፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ወጥተሽ ሮድስ ላይ እንደገና ልትገቢ ነው። ቪዛሽ ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለው ቦታ 01 ካለ አይበቃሽም፣ 02 ወይም ሙልት (MULT፣ ብዙ ጊዜ መግቢያ) የሚል መሆን አለበት። ማመልከቻው ሲሞላ ይህን አስገቡ። ስለ ቱርኩ ደግሞ የመርከቡን ኩባንያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ የተባለውን አትመኑ።

አይ፣ ሊንዶስን ሳላይ አልመለስም ካልሽ አውቶቡሱን ተይው፣ የመርከቡን ጉብኝት ግዢ። ወይም ከመርከቡ ሦስት ሰው ፈልገሽ ታክሲ ተካፈሉ፣ የመመለሻውን ሰዓትና ዋጋውን ሳትገቢ ተስማሚ። ደረጃውንም ሳትወጪ ታች መንደሩ ውስጥ ቁጭ በይ፣ ነጫጭ ቤቶቹና ባሕሩ ከዚያም ይታያሉ።

የልጅሽን ነገር በተመለከተ አትከራከሪያት። መርከቡ ቅርብ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ሕፃኑን ይዛ እንድትወርድ ጠይቂያት። ጋሪ አታምጣ፣ ያ ጠጠር ላይ አይገፋም፤ አንቺ አዝለሽው ስትበዪ ታይሻለች። ባሕር በር ሥር በሰባት ሰዓት እንገናኝ በያት። በኛ ሰባት መሆኑን ግን አስረግጠሽ ንገሪያት፤ ጀርመን ብዙ ከቆየች ሰባት ስትያት የማታውን መስሏት ጋደም ትላለች።